ባሕሩ መኪናዬን ሲበላው ጋሽ ይማም ሻይ ይጠጡ ነበር

ዛሬ የደረሰብኝን ብነግራችሁ "ውሸታም" ትሉኛላችሁ። በሉኝ። ዛሬ ከዚህ የባሰ ብዙ ተብያለሁ።

ጋራዥ ውስጥ፣ ከልብስ ማጠቢያው ማሽን ጎን ተደብቄ፣ ጆሮዬን በር ላይ ለጥፌ፣ ሦስት ሽማግሌዎች በኔ ሲስቁ ሰማሁ። አንደኛው ሳቁ አልወጣለት ብሎ ሳል ጀመረው።

ሽማግሌዎቹን ደግሞ የላክኋቸው እኔ ነኝ!

ኦኬ፣ ቀስ ብዬ ልንገራችሁ። ነገ ጠዋት ወሬው ካሮልተንን ዞሮ ማኪኒ መድረሱ አይቀርም። ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከኔ ስሙት። ቢያንስ እኔ ለራሴ ትንሽ አዳላለሁ።

አዲስ ለሆናችሁ፦ ከማል እባላለሁ። ቴክሳስ፣ ፎርት ዎርዝ ያለ ዌርሀውስ ውስጥ ፎርክሊፍት፣ ዕቃ ማንሻዋን መኪና፣ እነዳለሁ። ዳላስ ዳርቻ፣ ካሮልተን፣ ጋሽ ኑሩ ቤት አንድ ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። ትምህርቴ አስረኛ ክፍል ላይ ቆሟል። አፌ ግን ማስተርሱን ይዟል።

ነባሮቹ ደግሞ ሀያትን ታስታውሷታላችሁ።

አዎ፣ ያቺው! እዚሁ ፔጄ ላይ ስለ ሱፐርቫይዘሬ አንድ ሜትር የሚሆን ስድብ ለጥፌ፣ ሁላችሁም "ልክ ብለሃል ወንድማችን" ስትሉ፣ እሷ ብቻ "አፍህ ትንሽ ቢያርፍ ጆሮህ ሥራ ያገኝ ነበር" ብላ ኮሜንት ያደረገችው።

ተናድጄ ኢንቦክስ ገባሁ። ልሰድባት ነው የገባሁት፣ ወላሂ!

ከኢንቦክስ አልወጣሁም።

ሀያት ዌልስ ነው የምትኖረው፣ ካርዲፍ። ነርስ ናት። አባቷ ጋሽ ይማም የወሎ ሰው ናቸው፣ እንደኛው። ካርዲፍ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ አውቶቡስ ነድተው ጡረታ ወጥተዋል። ብዙ አይናገሩም። ሀያት ደግሞ ቁርጡን ነግራኛለች፦ አባቷ እሺ ካሉ ኒካህ አለ። እንቢ ካሉ የለም። እሷ ከአባቷ ቃል አትወጣም፣ እኔም እንድትወጣ አልለምናትም።

ሶ፣ እረፍት ወስጄ ሄድኩ። ሽማግሌ ከመላኬ በፊት ሰውዬው በዓይናቸው ይዩኝ ብዬ።

ዓይን ለዓይን ብንተያይ ይወዱኛል ብዬ ነው። ማን አይወደኝም?

(ዝም በሉ።)

ካርዲፍ በገባሁ በማግስቱ ሀያት ሥራ ነበረች። ጋሽ ይማም ደወሉልኝና የሚወዷት የባሕር ዳር መንደር እንዳለች፣ አብረን ብንሄድ ደስ እንደሚላቸው ነገሩኝ። ሁለታችን ብቻ።

ገባኝ። ፈተና ነው።

ሀያት ከሥራ ቦታዋ ደውላ አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀችኝ። "አባዬ ብዙ አይናገርም። አንዴ ከተናገረ ግን ስማው። አትከራከር።"

"እኔ? ክርክር?" አልኳት።

ስልኩን ዘጋችብኝ።

ጋሽ ይማም በአውቶቡስ እንሂድ ብለው ነበር። እንዴት ተደርጎ! የወደፊት አማቴን፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸውን ሰውዬ፣ እኔ ከቴክሳስ ድረስ መጥቼ በአውቶቡስ? ቀይ መኪና ተከራየሁ። የምታብረቀርቅ። ዓይን የምትገባ።

በኋላ ዓይን መግባቷ እንዴት እንደጎዳኝ ታያላችሁ።

መሪው በቀኝ ነው፣ መንገዱ በግራ ነው፣ ጋሽ ይማም አጠገቤ ቁጭ ብለው የሌለ ፍሬን በእግራቸው ይረግጣሉ። አንድም ቃል ግን አልተነፈሱም። እኔ ስለ ቴክሳስ መንገድ አወራለሁ። ስለ ፎርክሊፍት አወራለሁ። ስለ ፓርኪንግ ችሎታዬ ብዙ አወራሁ። "እኔ የትም ቦታ ፓርክ ማድረግ እችላለሁ" ማለቴን በደንብ አስታውሳለሁ።

ጋሽ ይማም "ማሻአላህ" አሉ።

መንደሩ ደረስን። ስሙን አትጠይቁኝ፤ ታፔላው ላይ አይቼዋለሁ፣ ምላሴ ግን እንቢ አለኝ። ቦታውስ? ቦታውስ ሱብሃነላህ! ከላይ ጫፉ ላይ የፈረሰ የድንጋይ ግንብ አለ፣ የድሮ ንጉሥ ነው አሉ ያሠራው። ከሥሩ ትናንሽ ቤቶች ተደጋግፈው እስከ ባሕሩ ይወርዳሉ፤ ሰማያዊ በር፣ ቢጫ በር፣ መስኮቱ ላይ አበባ። መንገዱ ግን ለፍየል የተሠራ ነው። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ቢሄድ አንደኛው አበባ ውስጥ ይገባል።

መኪና ማቆሚያው ግንቡ አጠገብ ነው፣ ላይ። ሰው ሁሉ እዚያ አቁሞ በእግሩ ወደ ባሕሩ ይወርዳል።

በእግሩ!

እኔ የዳላስ ልጅ ነኝ። እኛ ጋ ሰው ከመኪናው ወርዶ ትንሽ ከተራመደ "ደህና ነህ ወይ?" ተብሎ ይጠየቃል። ደግሞስ የጋሽ ይማም ጉልበት? ሽማግሌ ቁልቁለት ላስወርድ ነው? አላደርገውም አልኩ። ባሕሩ አፍንጫ ሥር ነው የማወርዳቸው። ክብር ማለት ይሄ ነው።

ቁልቁል ነዳሁ። የመንገዱ መጨረሻ ላይ ወደ አሸዋው የሚያስገባ የሲሚንቶ መውረጃ አለ። ከዚያ ወዲያ ምን እንዳለ ልንገራችሁ? ሰፊ፣ ለጥ ያለ፣ ጠንካራ አሸዋ። ባሕሩ ከሩቅ እንደ ክር ቀጥኖ ይታያል። አንድም መኪና የለም።

ነጻ ፓርኪንግ! ባዶ!

ከዛሬ ጀምሮ ምክሬ ይሄ ነው፦ ማንም ያልቆመበት ነጻ ፓርኪንግ ካያችሁ፣ ለምን ማንም እንዳልቆመበት ጠይቁ።

አሸዋው ላይ ደግሞ ጀልባዎች በጎናቸው ተጋድመዋል። በገመድ ከባሕሩ ዳር የድንጋይ ግድግዳ ጋር ታስረዋል። እኔ ምን አልኩ? "ጋሽ ይማም፣ እዩአቸው እነዚህን ሰነፎች! ጀልባቸውን ደረቅ መሬት ላይ ጥለው፣ ደግሞ እንዳይሸሽ ብለው ያስሩታል!"

ሳቅኩ። ብቻዬን።

እንግዲህ እኔ ያደግኩት ኮምቦልቻ ነው። እኛ ጋ ያለው ውሃ ወንዝ ነው። ወንዝ በክረምት ይሞላል፣ በበጋ ይጎድላል፣ ዓመል አለው። ከዚያ ወጥቼ የገባሁት ዳላስ ነው። እዚያ ያለው ውሃ ሐይቅ ነው፣ የትም አይሄድም። ባሕር የሚባለው ነገር ጠዋት ሄዶ ከሰዓት እንደሚመለስ፣ እንደ ሺፍት ሠራተኛ፣ ማን ነግሮኝ?

ኦኬ። ነግረውኛል። እሱ ነው ችግሩ።

ሞተሩን ሳጠፋ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ መጡ። የጎማ ቦቲ፣ የተቀደደ ሹራብ፣ ከኋላቸው አንድ ውሻ። ፈገግ ብለው፣ ልክ ስለ አየር ሁኔታ እንደሚያወራ ሰው ቀስ ብለው፣ "እኔ ብሆን እዚያ አላቆማትም" አሉኝ።

በቃ። ይቺው ናት።

አሁን ፍረዱኝ። አንድ ሰው የእውነት አደጋ አይቶ ቢያስጠነቅቃችሁ እንዴት ነው የሚያስጠነቅቃችሁ? እኛ አገር "ኧረ በአላህ! ኧረ ልጄ በሞትኩት!" ብሎ ክንዳችሁን ይይዛል። እንቢ ካላችሁ ሰው ይጠራል። ደግማችሁ እንቢ ካላችሁ ቁልፋችሁን ይነጥቃል። ሦስት ጊዜ ያልተለመነ ነገር ቁም ነገር አይደለም። እኒህ ሰውዬ ግን አንዴ ብቻ ተናገሩ። ያውም እየሳቁ።

ሶ፣ እኔ የተረዳሁት ሌላ ነው። "አሃ" አልኩ በልቤ፣ "ጥቁር ወጣት፣ አዲስ ቀይ መኪና፣ ሰፈራችን ምን ይሠራል ነው ነገሩ።" ዳላስ ውስጥ በራሴ አፓርትመንት ፓርኪንግ ላይ "እዚህ ነው የምትኖረው?" የተባልኩበት ቀን ሁሉ ተሰብስቦ መጣብኝ።

"ባሕሩ የአንተ ነው?" አልኳቸው።

"የኔ አይደለም። የማንም አይደለም" አሉ ሰውዬው።

"እንግዲያው እናንተ እንግሊዞች..." ብዬ ጀመርኩና ብዙ አወረድኩት። ሁሉን አልጽፈውም። ግማሹን በአማርኛ ነው ያልኩት፣ አላህ ይመስገን።

ሰውዬው እስከዚያ ድረስ ፈገግ እንዳሉ ነበሩ። ፊታቸው የተለወጠው እንግሊዝ ስላቸው ብቻ ነው። "እንግሊዝ አይደለሁም፣ ዌልሽ ነኝ" አሉ። ከዚያ ውሻቸውን ጠርተው ሄዱ። ውሻው ግን ዞር ብሎ ጎማዬን አየ። ወላሂ አየ። እንደሚያዝን።

ጋሽ ይማም ይህን ሁሉ ቆመው ያዳምጡ ነበር። "ልጄ፣ ሰውዬው ያሉህን ሰማኸው?" አሉኝ።

"ተዉት ጋሽ ይማም። እነዚህን እኔ አውቃቸዋለሁ።"

"ታውቃቸዋለህ?"

"አሳምሬ!"

ጋሽ ይማም ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ የመኪናውን ኋላ ከፈቱና ዕቃቸውን ማውጣት ጀመሩ። የሻይ ፔርሙዛቸውን አወጡ። ምርኩዛቸውን አወጡ። ካፖርታቸውን አወጡ። ጃንጥላ አወጡ። ትንሿን መስገጃቸውን አወጡ። ሀያት የቋጠረችልንን ሳምቡሳ አወጡ። የቀረ ነገር እንዳለ ወንበሩ ሥር በእጃቸው ዳሰሱ።

"ጋሽ ይማም፣ ኧረ እንመለሳለን፣ ይቀመጥ" አልኳቸው።

"ይሁን" አሉ።

እኔ ፒክኒክ መስሎኝ!

በእግራችን ዳገቱን ወጣን። አዎ፣ እንዳይራመዱ ብዬ ያወረድኳቸው ሽማግሌ በዚያው ጉልበታቸው ተመልሰው ወጡ፤ ለካ ማየት የሚፈልጉት ግንቡን ኖሯል። ይህንንም አልጠየቅኳቸውም። ዕቃውን ሁሉ ተሸክሜ ከኋላ ስከተል የኮምቦልቻ ገበያ ወዛደር እመስል ነበር።

ግንቡ ላይ ወጥተን ቁጭ አልን። በመንገድ አሳና ድንች ገዝቼ ነበር። አሳውን ገና ወደ አፌ ሳላስጠጋው አንድ ነጭ ወፍ ከሰማይ ወርዶ ነጠቀኝ። ትልቅ ነው፣ ዶሮ ያክላል። ጮህኩበት። በአማርኛ ሰደብኩት። ጋሽ ይማም ሳምቡሳቸውን በካፖርታቸው ሸፍነው ይበላሉ።

"ይህን ወፍ ታውቀዋለህ?" አሉኝ።

አሁን ሳስበው እየቀለዱብኝ ነበር።

ከዚያ ነው ላይቭ የገባሁት።

አያችሁኝ አይደል? ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ነበራችሁ። ጸጉሬን አስተካክዬ፣ ግንቡን በስተቀኝ፣ ባሕሩን ከኋላዬ አድርጌ፣ "ወገኖቼ፣ ከታሪካዊቷ ዌልስ ሰላም እላችኋለሁ!" ያልኩት ላይቭ። ስለ ንጉሡ የማላውቀውን ሁሉ አስረዳኋችሁ። ቅኝ ግዛትን ተቸሁ። እንደ ቱሪስት አስጎብኚ እጄን አወናጨፍኩ።

አንዷ እህታችን ኮሜንት ላይ "ከማልዬ፣ ከኋላህ ውሃው ላይ ያለው ቀይ ነገር ምንድነው?" አለች።

ዞር ብዬ አየሁ። ከታች፣ ሩቅ፣ ባሕሩ መሃል፣ አንድ ቀይ ጣሪያ። ጀልባዎቹ ደግሞ ሁሉም ተነሥተዋል፤ ቀጥ ብለው እየተንሳፈፉ ይወዛወዛሉ።

እኔም ምን አልኩ? ቪዲዮው አለ፣ መካድ አልችልም። "ሃሃሃ! ወገኖቼ እዩልኝ! የሆነ ደደብ መኪናውን ባሕር ውስጥ ፓርክ አድርጎላችኋል!"

አልኩ።

በገዛ አፌ።

ስልኩን ዞር አድርጌ ዙም አደረግኩላችሁ። ደግሜ ሳቅኩ። ከዚያ ሳቄ መሃል ላይ ቆመ። ቪዲዮው ላይ በደንብ ይታያል አሉ፤ መጀመሪያ አፌ ይዘጋል፣ ቀጥሎ ዓይኔ ይፈጥጣል፣ ከዚያ ስልኩ ይወድቅና ሰማይ ብቻ ይታያል። የሚሰማው ድምፅ "መኪናዬ! መኪናዬ!" የሚለው ነው።

ቁልቁል ስሮጥ ዞሬ አየሁ። ጋሽ ይማም ከፔርሙዛቸው ሻይ እየቀዱ ነበር።

ታች ስደርስ አሸዋ የለም። የሲሚንቶው መውረጃ ግማሹ የለም። እኔ ፓርክ ያደረግኩበት ቦታ ላይ ዳክዬ ይዋኛል። ጫማዬን ሳላወልቅ ገባሁ። እስከ ጉልበቴ። ቅዝቃዜው! የዳላስ ክረምት ያን ውሃ ቢያየው ካፖርት ይለብሳል። መኪናዋን ከሩቅ ቁልፉን ተጭኜ ልክፈታት ሞከርኩ፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ውሃው ውስጥ ሆና መብራቷን ብልጭ አደረገችልኝ። እንደመሰናበት።

መንደሩ በሙሉ ከባሕሩ ዳር ግድግዳ ጠርዝ ላይ ቆሞ ያያል። አይስክሬም ይዘው ነው። ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር፣ የምጣላው ሰው አገኝ ነበር!

ከዚያ የትራክተር ድምፅ ሰማሁ።

ማን ይመስላችኋል?

የጎማ ቦቲ፣ የተቀደደ ሹራብ፣ ከጎናቸው ውሻው። ለካ ባሕር የበላውን መኪና ሁልጊዜ የሚጎትቱት እሳቸው ናቸው፤ ትራክተራቸው መውረጃው አጠገብ የሚቆመው ለዚህ ነው። እኔ የሰደብኳቸውን ስድብ ሁሉ የረሱት ይመስል፣ አንድም ቃል ሳይተነፍሱ ውሃ ውስጥ ገብተው ገመድ አሰሩ። ጎተቷት። በሯ ሲከፈት ባሕሩ ከውስጧ እንደ ባልዲ ፈሰሰ። ስልኬን የማስቀምጥባት ጉድጓድ ውስጥ አንድ ትንሽ ሸርጣን ቁጭ ብሏል። ፓርክ አድርጎ።

ቆሜ እንቀጠቀጣለሁ። ሰውዬው ከአንዱ ቢጫ በር ሁለት ሲኒ ሻይ ይዘው ወጡና "ሻይ?" አሉኝ።

ምን ትላላችሁ እናንተ? ሰው ሻይ ሲያቀርብላችሁ? እኔም ያደግኩበትን አልኩ። "ኧረ ይተዉት፣ አመሰግናለሁ።" ከዚያ "ኧረ ግድ የለም፣ በሞቴ!" እስኪሉኝ ጠበቅኩ።

"ኦኬ" አሉና ለጋሽ ይማም ሰጧቸው።

ጋሽ ይማም ከግንቡ ቀስ ብለው በምርኩዛቸው ወርደው ደርሰው ነበር። ሻዩን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፣ ምንም ሳይግደረደሩ። ጠጡ። ሁለተኛውን ሲኒ ሰውዬው ራሳቸው ጠጡት። እኔ አየሁ።

"እዚህ አገር አንዴ ነው የሚጠይቁት" አሉኝ ጋሽ ይማም።

በአውቶቡስ ተመለስን። እሳቸው መጀመሪያ በፈለጉት አውቶቡስ። በመንገዱ በሙሉ ከጫማዬ ውሃ ይወጣል፣ ጋሽ ይማም በመስኮት ያያሉ። ካርዲፍ ልንገባ ስንል ብቻ ዞረው "ደረቅክ?" አሉኝ።

አልደረቅኩም። እስከ ዛሬም አልደረቅኩም።

ስለ ኢንሹራንሱ ማንም እንዳይጠይቀኝ።

እንግዲህ ይሄ ሁሉ ሆኖ ዳላስ ተመለስኩ። ሀያት "ለአባዬ ጊዜ ስጠው" አለችኝ። ሰጠሁ። ዛሬ ቅዳሜ ጋሽ ኑሩ ሁለት ጓደኞቻቸውን ጠርተው፣ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ሳሎናቸው ውስጥ በቪዲዮ ኮል ሽምግልና ተቀመጡ።

ተቀመጡ አልኩ? ቆሙ! ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥማ። ስልኩን የውሃ ጆግ ላይ አስደግፈው ሦስቱም ከፊቱ ቆሙ። ጋሽ ይማም በወዲያ በኩል የሚያዩት ሦስት ሆድ ብቻ ነበር አሉ።

እኔ ጋራዥ ነኝ። ልጅ ሽማግሌ ባለበት አይገኝም። ጋሽ ኑሩ "ምንም ብትሰማ ድምፅህን እንዳልሰማ" ብለው አስምለውኛል።

ጋሽ ኑሩ በሚያምር አማርኛ ጀመሩ። ልጃችን ሠራተኛ ነው፣ ልጃችን ጨዋ ነው፣ ልጃችን ታላቅ ያከብራል አሉ። ጋሽ ይማም መጀመሪያ ሦስቱን ሆድ እንዲቀመጡ ለመኗቸው። ሽማግሌዎቹ "መልሳችንን ሳንሰማ" አሉ። "ረጅም ነው፣ ጉልበታችሁን ያማችኋል" አሏቸው። ተቀመጡ።

ከዚያ ነገሯቸው። ሁሉንም። ከሌለው ፍሬን ጀምረው እስከ ሸርጣኑ። እኒህ የማይናገሩ ሰውዬ ለካ ሲናገሩ እንዲህ ያሳምሩታል! ወፉን ተናገሩ። የታሰሩትን ጀልባዎች ተናገሩ። ላይቩን ደግሞ ሀያት አሳይታቸዋለች። "የሆነ ደደብ" የሚለው ጋ ሲደርሱ ጋሽ ኑሩ ሶፋውን በመዳፋቸው ሲመቱት ተሰማኝ።

እኔ በሩ ኋላ ጥርሴን ነክሻለሁ።

ጋሽ ኑሩ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ "ግን ጋሽ ይማም፣ እርስዎ ውሃው እንደሚመጣ አያውቁም ነበር?" አሉ።

"ስንት ዓመት እዚህ ኖሬ? አውቅ እንጂ። ዕቃዬን ሁሉ ያወጣሁት ለምን ይመስልዎታል?"

ምን?!

"እና ለምን አልነገሩትም?"

"ሰውዬው ነገረው። እኔም ሰማኸው ወይ አልኩት። ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው። መኪናዋ የኪራይ ናት ጋሽ ኑሩ። ልጄ የኪራይ አይደለችም።"



እኔ ግን አልቻልኩም። አንድ ቃል ጮክ ብለው ቢናገሩ ምን ነበረበት? ክንዴን ቢይዙኝስ? መሐላዬን ረሳሁና በበሩ ስንጥቅ "ጋሽ ይማም! እኔ'ኮ ለጉልበትዎ ብዬ ነው! ለእርስዎ ብዬ ነው ያወረድኩት! ደግሞ ሰውዬው ፈገግ ባይል..." እያልኩ አወረድኩት። በአንድ ትንፋሽ። ስለ ቴክሳስም አነሣሁ መሰለኝ።

ትንፋሼ ሲያልቅ በሩን ከፍቼ ገባሁ። ስልኩ ጠቁሯል። ኮሉ አልቋል። ሦስቱ ሽማግሌዎች መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ ላይ ናቸው።

"ምን አሉ?" አልኩ።

ጋሽ ኑሩ ፊታቸውን በመዳፋቸው አብሰው አዩኝ። "መልሱን ሰጡ" አሉ።

"ምን ብለው?"

"አንተ ስትናገር ነው የተናገሩት።"

"እኮ ምን አሉ?"

"አንዴ ነው የተናገሩት" አሉና ቴምሩን ወደ ጓደኞቻቸው ገፉት። ሦስቱም ቴምር ይበላሉ። ሦስቱም እኔን አያዩኝም። ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጣል።

ዕድሜ ልኬን የሚወስነው ቃል ተነገረ፣ እኔም እዚያው ነበርኩ፣ እኔ ብቻ አልሰማሁም!

ጋራዥ ተመልሼ ማጠቢያው ማሽን ላይ ቁጭ አልኩ። ሀያት ቴክስት አደረገች። "አባዬ ያለውን ሰማህ?"

መጻፍ ጀመርኩ። ስለ ጉልበታቸው ጻፍኩ። ስለ ሰውዬው ፈገግታ ጻፍኩ። ስለ ጋሽ ኑሩ ተንኮል ጻፍኩ። ታውቁኛላችሁ፣ አንድ ሜትር ሞላ።

አየሁት። አጠፋሁት።

"አልሰማሁም። ንገሪኝ፣ ዝም እላለሁ" አልኳት።

ደወለች፤ የአባቷን ቃል እንዳለ ነገረችኝ። "ልጁ አፉ ክፉ ነው፣ ልቡ ግን ለጉልበቴ አስቧል። እሺ ብያለሁ። ኒካሁ ከመታሰሩ በፊት ግን መጥቶ ያንን ሰውዬ ይቅርታ ይጠይቅ። መኪናውን ላይ አቁሞ፣ በእግሩ ወርዶ።"

ዝም አልኩ። ቃሌን ጠበቅኩ። ሀያት "ከማል? አለህ?" አለች። መናገር ስላልቻልኩ ነው እንጂ ነበርኩ።

ሶ፣ ወገኖቼ፣ ቲኬት እየፈለግኩ ነው። ዘንድሮ ታገባላችሁ የተባላችሁ ሁሉ ሽቶ ስትገዙ፣ እኔ የጎማ ቦቲ እገዛለሁ።

አሁን አንድ ነገር አስጨንቆኛል። ለዌልስ ሰው ይቅርታ ስንት ጊዜ ነው የሚባለው? እንደኛ እግር ላይ ወድቆ ነው፣ ወይስ አንዴ ይበቃል? ሻይ ካቀረቡልኝስ ያኔውኑ ነው የምቀበለው? ለውሻውስ ምን ይዤ ልሂድ?

የምታውቁ ኮሜንት ላይ ንገሩኝ። አንዴ ብቻ ንገሩኝ።

እሰማለሁ።